ሰላምታ ያበዛሁበት ዓመት

የልብ በሽታ የሀብታም በሽታ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ደረቴን መጫን ሲጀምረኝ ሁሉንም ነገር ጠረጠርኩ፤ ልቤን ብቻ አልጠረጠርኩም። ጨጓራዬን ጠረጠርኩ፣ ብርድን ጠረጠርኩ፣ የሰው ዓይንንም ጠረጠርኩ። ይህን የማወራው ሰው ለማስፈራት አይደለም። እኔን ያሳሳተኝ የአገራችን ደግነትና የአገራችን ሰላምታ ስለሆነ፣ ሌላውንም ሊያሳስት ይችላል ብዬ ነው።

ሥራዬ የከብት ድለላ ነው። የምኖረው ከሚሴ ሲሆን በገበያ ቀን ሰንበቴ ሄጄ ከአፋር ቆላ የመጣውን ሻጭ ከደጋ ከወረደው ገዢ ጋር አገናኛለሁ። የሁለቱን እጅ ይዤ አጨባብጣለሁ፣ እምቢ ሲሉ እጎትታለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስጮህ እውላለሁ። ሲጋራ ለብዙ ዓመት አጭሻለሁ። ዱዓ ላይ ጫት ሲቀርብም ወደ ኋላ የምል ሰው አልነበርኩም። ሐኪሞች ኋላ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ጤነኛ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ረጅም አይደለም፤ ልጆች እየሮጡ ነው የሚወጡት። እኔ ግን መሃሉ ላይ ስደርስ አንድ ሰው መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ የሚገፋኝ ይመስለኝ ጀመር። ጭነቱ ወደ ግራ ክንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴም መንጋጋዬን ይይዘኛል። ቆም ስል ይለቀኛል። ለመቆም ደግሞ በእኛ አገር ምክንያት አይጠፋም። ሰው ካየህ ሰላም ትላለህ። «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ ብለህ ትጀምርና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጨፋ ሜዳው ማሽላ ጠይቀህ «አልሐምዱሊላህ» እስክትባል ድረስ ደረትህ ይለቅሃል። ከዚያ መንገድህን ትቀጥላለህ። እኔ እንደዚህ ሳደርግ ሰው ሰላም ያልኩ እንጂ ያረፍኩ አይመስለኝም ነበር።

ችግሩ፣ ጭነቱ የሚይዘኝ ልክ ሁሴን ደጅ ላይ ስደርስ መሆኑ ነው። ሁሴን እንደ እኔው ደላላ ነው። በአንድ በሬ ምክንያት ተኳርፈን ዓመታት አልፈዋል። በሬው ከተሸጠ በኋላ ማነከስ ጀመረ፣ ገዢው ተመልሶ መጣ፣ ሁሴን «አንተ እያወቅህ ነው» አለኝ፣ እኔም «አንተ ነህ ያመጣኸው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በደጁ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዶው አጥር ነበር የማዞረው። አንድ ጠዋት ግን ደጁ ላይ ደረቴ ያዘኝና ቆምኩ። እሱ ለላሞቹ ገለባ እያራገፈ ነበር። ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ዝም ማለት ነውር ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩት። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝና «ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ። በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ ያዘኝ፣ እንደገና ሰላም አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሁሴን ወንበር ደጁ ላይ አውጥቶ ጠበቀኝ። «ያ መሐመድ፣ አንተ ከጀመርክማ እኔ ምን ቀረኝ፤ ያለፈው አለፈ» አለኝ። ሽማግሌዎች ሞክረው ያልሆነላቸው እርቅ እንዲህ ሆነ። እኔም ራሴን ታዘብኩና ትልቅ ሰው ሆኛለሁ አልኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ግን አልተዋጠላትም።

«አንተ ይቅር ባይ አይደለህም» አለችኝ። «ምን ሆነህ ነው?»

ሳቅሁባት። በዚያው ሰሞን ግን ጭነቱ እየበዛ ስለሄደ ከሚሴ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ ትሑት ልጅ ነው፤ ከምግብ በኋላ ይብስብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አዎ፣ በልቼ ዳገት ስወጣ» አልኩት። ዳገቱን ትቶ ምግቡን ያዘ። ጨጓራ ነው ተባለና የሚዋጥ ተሰጠኝ። በርበሬ ተውኩ፣ ወተት ጠጣሁ፣ ተልባ ጠጣሁ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ነርቭ ነው አለኝ። አንድ ዘመዴ ብርድ ነው ብሎ ጀርባዬን ዋግምት አስደረገኝ። በሁሉም ትንሽ ትንሽ የተሻለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም መድኃኒት በጀመርኩ ቁጥር ለጥቂት ቀን ቤት እቀመጣለሁ። ከተቀመጥኩ ደግሞ አያመኝም።

አንድ የገበያ ቀን ሰንበቴ ላይ የሁለት ሰዎችን እጅ ይዤ እየጎተትኩ ሳለ ጭነቱ መጣ፤ ቆምኩ፣ አልለቀቀኝም። ተቀመጥኩ፣ አልለቀቀኝም። ላብ አጠመቀኝ። ሰው ከበበኝ፣ ውኃ አፈሰሱብኝ። ሁሴን ነው ሰዉን ገፍቶ መኪና ላይ የጫነኝ። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሸሃዳ እያለልኝ ነበር የሄደው፤ ሊሞት ነው ብሎ ማሰቡ ያን ጊዜ አናደደኝ።

ደሴ ሆስፒታል የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚጽፈውን ማሽን ደረቴ ላይ ለጠፉ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ጨጓራም ነርቭም አይደለም አለ። ልብ ራሷ ደም የምታገኝባቸው ቀጫጭን ደም ስሮች አሏት፤ እነሱ በስብ ይጠባሉ፤ ሰው ሲቀመጥ የሚበቃው ደም ሲሠራ አይበቃውም። በእኔ ላይ የሆነው ይህ ነው፣ አሁን ደግሞ አንዱ ሊዘጋ ደርሷል አለኝ። አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ ሰላም ስላልነበረ ቀናት ጠበቅን። የመድኃኒቱ ብዛት አይደለም ያስቸገረኝ፣ ሌሊቱ ነው። ቀን ሰው ይገባል ይወጣል፤ ሌሊት ግን ሁሉም ሲተኛ ሰላም የምትለው ሰው የለም፣ ፍርሃት ብቻ ነው ያለው። ፈራሁ፣ አልዋሽም። አጠገቤ የተኛው የወረኢሉ ሽማግሌ ለእሱ ከመጣለት ሁለት ብርድ ልብስ አንዱን እግሬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ነበር። ስሙን ሳልጠይቀው ወጣሁ።

አዲስ አበባ የዘሀራ ወንድም ጋ አረፍን። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ ከመላው አገር የመጣ ሰው አየሁ፤ ሁሉም መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ያከመችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገባች፣ ማቅለሚያ ረጨች፣ ደም ስሮቼ ስክሪን ላይ ታዩ። አላደነዘዙኝም ማለት ይቻላል፤ የሚነጋገሩትን እሰማ ነበር። የጠበበውን ቦታ በትንሽ ፊኛ ገፍተው ስቴንት የሚባል ከሽቦ የተሠራ ደቃቅ ቱቦ ተከሉበት።

በማግስቱ አልጋዬ አጠገብ መጥታ ለሁላችንም አስረዳችን። «አባቴ፣ የጠበቡት ሦስት ናቸው። ሊዘጋ የነበረውን ከፍተነዋል። ሁለተኛው በመካከለኛ ደረጃ ጠቧል፤ ማቅለሚያው ሲበዛ ኩላሊትዎን ስለሚጎዳ ለጊዜው አልነካነውም። ሦስተኛው ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ሥራዎን ሲጀምሩ ሕመሙ ከተመለሰ ሁለተኛውን እናየዋለን። ካልተመለሰ በመድኃኒት እንቀጥላለን።»

ይህን ሁሉ ተናገረች፤ እኛ የሰማነው «ከፍተነዋል» የምትለውን ብቻ ነው። የዘሀራ ወንድም ወዲያው ከሚሴ ደወለ። እኛ ከሚሴ እስክንደርስ ወሬው አድጎ «የመሐመድ ልብ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመለሰለት» ተብሏል። ለምስጋና ዱዓ ተደረገ፣ በግ ታረደ። ሥጋውንም ጫቱንም አልነካሁም፤ ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የደግነት ጊዜ ነው። ጀሪካን ስነካ አንዱ ይቀማኛል። ከወንበር ስነሳ ሌላው «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ለጁምዓ ሶላት ባለባጃጁ ደጄ ድረስ መጥቶ ይወስደኛል፣ ይመልሰኛል፣ ሒሳብ ልስጥህ ስለው ይቆጣል። ሰንበቴ ላይ ሁሴን የእኔንም የራሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራና ድርሻዬን ቤት ያመጣል። አመሻሽ ላይ ብቻ ትንሽ ወርጄ ሁሴን ደጅ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ስመለስ ከእሱ ቤት ከፍ ብላ ያለችው ፋጡማ ኪዮስክ ላይ ቆም ብዬ ሰላም እላታለሁ። «እንዴት ነህ?» ለሚለኝ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» እል ነበር። አምኜበት ነው።

ወራት አልፈው ለክትትል አዲስ አበባ ተመለስን። ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አየች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ «ሕመሙስ አባቴ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ዳገት ሲወጡ፣ ዕቃ ሲያነሱ፣ ምንም የለም?»

«ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«በጣም ጥሩ። እንግዲያው ሁለተኛውን ደም ስር አንነካውም፤ በዚሁ መድኃኒት እንቀጥል» አለችና ልትጽፍ ጎንበስ አለች። እኔም ልነሳ ጋቢዬን ሰበሰብኩ።

«ዶክተር» አለች ዘሀራ፣ «ሰላምታ ያበዛል።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«ሰላምታ ያበዛል። ድሮ ሰው ሰላም የሚለው እየሄደ ነው። የታመመ ሰሞን ሁሴን የሚባል ጠላቱ ደጅ እየቆመ ሰላም ማለት ጀመረ፣ ታረቁ። አሁን ደግሞ ሁሴንን አልፎ ፋጡማ ኪዮስክ ላይ ይቆማል። ፋጡማን ወዷት አይደለም፤ ሳሙና ታስወድዳለች ብሎ ሲያማት ነው የኖረው። ስታዋራው አይመልስላትም። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።»

እኔ ደነገጥኩ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ ምን ሠሩ? ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ።»

መንገር ጀመርኩ። ተነሳሁ፣ ዘሀራ ለውዱእ ውኃ አቀረበችልኝ። ልጁ ጫማዬን አመጣልኝ። ባጃጅ መጣ። ሁሴን ለከብቶቼ ሳር አስጫነልኝ። እያወራሁ ሳለ ሙሉ ቀኔ ውስጥ እኔ የሠራሁት ነገር አጣሁ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ መስጊድ ምንጣፍ። ሐኪሟ አልሳቀችም። «ታዲያ መቼ ይመምዎት?» አለች።

ትሬድሚል የሚሉት ከእግር ሥር የሚንከባለል መርገጫ ላይ አወጡኝ፤ ደረቴ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ገመዶች ለጠፉ። መጀመሪያ ሜዳ ነበር፣ ከዚያ ከፍ እያለ ዳገት ሆነ። ብዙም ሳልቆይ መዳፉ መጣ፤ ያው የድሮው መዳፍ፣ ያው ቦታ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰላም የምለው ሰው አልነበረም። ባለሙያዋ ስክሪኑን አየችና ቶሎ አስቆመችው።

እኔ በሬ ሳሻሽጥ ሻጩን «ጤነኛ ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አስነስቼ አስኬደዋለሁ፣ ዳገት ካለ ዳገት አስወጣዋለሁ። ይህን ዕድሜ ልኬን የሠራሁ ሰው ስለ ራሴ ሲሆን ተቀምጬ በአፌ መለስኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግን የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም፣ ንዴት ነው። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አልኳት ዘሀራን። «አላህ የሰጠኝ ይበቃኛል፤ ሁለተኛ ቱቦ አላስገባም። ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«ሂድ» አለች። «ፋጡማ ኪዮስክ ላይ ወድቀህ ነው የምትገኘው። ባሏ የሞተባት ሴት ተብዬ እኔ እቀመጣለሁ፤ አንተ ምን ቸገረህ።»

 ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልሐምዱሊላህ የሚባለው ለአላህ ነው። እሱ ሁሉን ያውቃል። ዶክተሯ ግን ካልነገርካት ከየት ታውቃለች?»

 ሳስበው፣ ያመመኝን ነገር ለሐኪም መናገር ጌታን ማማረር ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብለን ወረፋችንን ጠበቅን፤ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ልጣ ሰጠችኝ። ፈርቼ ነበር፣ እሷም ፈርታ ነበር፤ ብርቱካኑን በላን።

በሁለተኛው ጊዜ ቱቦ ከመትከላቸው በፊት ለኩ። ጫፉ ግፊት የሚለካ ቀጭን ሽቦ በጠበበው ቦታ አሳልፈው፣ ከጥበቱ በፊት ያለውን የደም ግፊትና ከጥበቱ ወዲያ ያለውን አወዳደሩ። ፎቶው ላይ «መካከለኛ» የተባለው ጥበት ደሙን በደንብ ይከለክል ኖሯል። ስቴንቱን ተከሉና እንደገና ለኩ፤ ተስተካከለ።

ከዚያ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ በዚህ ጊዜ ጆሮዬን ከፍቼ። «አሁን ሙሉ በሙሉ ተከፈተ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ጥበት ሁሉ ጠፋ ወይ ከሆነ ጥያቄዎ፣ አልጠፋም። ሦስተኛው ቅርንጫፍ እንዳለ ነው፤ በጣም ቀጭን ስለሆነ ስቴንት አይቀበልም፣ በመድኃኒት ነው የምንይዘው። ልብዎ ሥራ ላይ ስትሆን የሚበቃ ደም ታገኛለች ወይ ከሆነ ደግሞ፣ በለካነው መሠረት ታገኛለች። እርግጡን የሚነግሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። ቤትዎ ይሂዱ፣ ቀስ በቀስ ይራመዱ፣ ከዚያ መጥተው የሠሩትን ይንገሩኝ። እንደገናም መርገጫው ላይ አወጣዎታለሁ።»

ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ካነበበ የምለው ጥቂት ነው። ዳገት ላይ ይዞህ ስትቆም የሚለቅህ ነገር ጨጓራ ነው ቢሉህም ልብህን አስመርምር። ስቴንት ከገባልህ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡህን ክኒን ተሻለኝ ብለህ አታቋርጥ፤ እኛ ሰፈር አንድ ሰው አቋርጦ ቀብረነዋል። ሐኪም ሲጠይቅህ እንዴት እንደሆንክ ሳይሆን ምን እንደሠራህ ንገረው። ከቻልክ ደግሞ ሚስትህን ይዘህ ግባ።

ከሚሴ ስንመለስ ዘሀራ ሰፈሩን ዞራ አስጠነቀቀች። «ማንም እንዳያግዘው፤ ሐኪሟ ናት ያዘዘችው» አለች። ሰው ቅር አለው። ባለባጃጁ በእግሬ ስሄድ እያየ መተው አልቻለም፤ ለብዙ ቀን አጠገቤ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር። መጀመሪያ ሜዳውን ሄድኩ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ወርጄ በባጃጅ ተመለስኩ፣ ከዚያ የዳገቱን ግማሽ። ዳገቱን ሙሉውን ለመውጣት ግን ቀኑን እያዘዋወርኩ ቆየሁ። አቅም አጥቼ አይደለም። መዳፉ ያ ቦታ ላይ ቢጠብቀኝ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ነው።

አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ባለባጃጁ ሳያየኝ ከአስፋልቱ ተነሳሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጆሮዬን ደረቴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ትንሽ ወጣሁ፣ አልመጣም። ፋጡማ ከኪዮስኳ ውስጥ የሆነ ነገር አለችኝ፣ አልሰማኋትም። እግሬ ሲደክም ተሰማኝ፤ ድካሙ የእግር ድካም ብቻ ነበር። ደስታ ነው መሰለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከኋላዬ ሁሴን ተጣራ። «ያ መሐመድ።»

ዞር አልኩ። ታች ደጁ ላይ ቆሟል፤ ወንበሩን አውጥቶልኛል። «ምን በደልኩህ?» አለኝ። «ወላሂ ምን አጠፋሁ? ከታረቅን ወዲህ አንድ ቀን ሳትቆም አልፈኸኝ አታውቅም።»

ሁሴን እርቃችን ከምን እንደመጣ አያውቅም። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዳገቱን መልሼ ወረድኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «አካም ኦልቴ» አልኩት። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ላሞቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ጠየቅሁት። ሁሉንም እስኪመልስልኝ ድረስ ቆሜ ሰማሁት። ደረቴ ላይ ምንም አልነበረም።